ሁለት ድመቶች ይዘን ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ልንዛወር ነው፤ መንገዱን ይችሉታል?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ባለቤቴ ባሕር ዳር ስለተመደበ ከፋሲካ በኋላ ቤታችንን ጠቅልለን ልንመጣ ነው። ሽምብጥ አካባቢ ቤት ተከራይተናል። ሁለት ድመቶች አሉን። ሚጡ ሰባት ዓመቷ ነው። ወፍራም ናት፤ መኪና ላይ ስትወጣ ለሃጯ ይንጠባጠባል። ዳማ ወንድ ነው፤ ዓመት ከምናምን ሆኖታል፤ አልተኮላሸም። ዕቃው በአይሱዙ ይሄዳል። እኛ ከሁለት ልጆቻችን ጋር በቪትዛችን ነን። ሰው ሁሉ የየራሱን ይመክረናል። አንዱ ማዳበሪያ ውስጥ ከትታችሁ ከዕቃው ጋር ጫኗቸው ይላል። ሌላው የእንቅልፍ ክኒን ስጧቸው ይላል። አማቴ ደግሞ ድመት የለመደችውን ቤት አትለቅም፣ ለጎረቤት ስጡና ሂዱ አሉኝ። ልጆቼ ይህን ሲሰሙ አለቀሱ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦

እህቴ፣ ይዘዋቸው ይምጡ። በደንብ ከተዘጋጃችሁ ሁለቱም መንገዱን ይችሉታል። ማዳበሪያውን፣ አይሱዙውንና የእንቅልፍ ክኒኑን ግን ይርሷቸው። ለምን እንደሆነ እነግርዎታለሁ።

አማትዎ ያሉት ግማሹ እውነት ነው። ድመት ቤቷን ትወዳለች። ቤቷን የምታውቀው ደግሞ በጠረን ነው። ሚጡ ጉንጯን ከበር መቃን፣ ከሶፋ ጠርዝ፣ ከእርስዎ እግር ጋር ስታሻሽ አይተው ይሆናል። ጉንጯ ላይ ጠረን የሚያመነጩ ዕጢዎች አሉ። እየተሻሸች የምትተወው ምልክት «እዚህ ደህና ነኝ» የሚል ነው። ቤት ስትቀይሩ ያ ሁሉ ምልክት በአንድ ቀን ይጠፋባታል። ስለዚህ ሚጡን የሚያስጨንቃት የኪሎ ሜትሩ ብዛት አይደለም፤ የራሷ ጠረን የሌለበት ቦታ ነው። ጠረኗን ይዛ እንድትጓዝ፣ አዲሱ ቤትም ጠረኗ ቀድሟት እንዲገባ ካደረጋችሁ አብዛኛው ሥራ አልቋል። ለጎረቤት መስጠቱ አያዋጣም። ግድግዳው ያው ቢሆንም ሰዎቹና ዕቃው ከሄዱ ያ ቤት ለሚጡ የድሮ ቤቷ አይደለም።

ከሳጥኑ እንጀምር። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሳጥን ያስፈልጋል። «ይዋደዳሉ፣ አብረው ይተኛሉ» ብለው አንድ ላይ አይክተቷቸው። የፈራች ድመት መሸሻ ስታጣ አጠገቧ ያገኘችውን ትቧጭራለች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ለሳምንታት ላይስማሙ ይችላሉ። ሳጥኑ ድመቷ ቆማ ዞር የምትልበት ያህል ይስፋ። በጣም ከሰፋ ደግሞ መኪናው በታጠፈ ቁጥር ወዲያና ወዲህ ትንገላታለች።

አዲስ አበባ ውስጥ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የፕላስቲክ መያዣ ይሸጣል። ከፊትም ከላይም የሚከፈተውን ቢያገኙ እሱን ይምረጡ። ዋጋው ከከበደዎት በቤት የሚሠራ አለ፤ እኔ ለደንበኞቼ የማሳየው ይህንን ነው። የቲማቲም ነጋዴዎች የሚጠቀሙበትን ጠንካራ የፕላስቲክ ሳጥን ሁለት ይፈልጉ። በደንብ ይጠቡና ያድርቋቸው። አንዱን በአፉ ደፍተው ሌላው ላይ ይግጠሙት። በአንዱ ረጅም ጎን በፕላስቲክ ማሰሪያ ሦስት አራት ቦታ አጥብቀው ይሰሩት፤ ይህ እንደ ማጠፊያ ያገለግላል። በሌላኛው ጎን ደግሞ ተፈቶ የሚታሰር ሽቦ ያድርጉ። የሽቦው ጫፍ ወደ ውጭ ይታጠፍ፤ ወደ ውስጥ ከዞረ ዓይኗን ይወጋታል። ከዚያ ቀዳዳዎቹን በጣትዎ ይፈትሹ። የድመት ጭንቅላት የሚያልፍበት ቀዳዳ ገላዋንም ያሳልፋል። ከሁለት ጣት የሚሰፋ ቀዳዳ ካለ በሽቦ ወንፊት ይሸፍኑት። በመጨረሻ ሳጥኑን አንሥተው ይነቅንቁት። ከተንገጫገጨ ማሰሪያ ይጨምሩ።

ካርቶን አይሆንም። አንዴ ከሸናችበት ይረጥባል፤ የረጠበ ካርቶን ደግሞ በጥፍር ይቀደዳል። ማዳበሪያው ከሁሉም ይብሳል። ድመቷ ውስጡ መቆም አትችልም። ይሞቃታል፤ ትጨነቃለች፤ በራሷ ሽንት ትበሰብሳለች። ባሕር ዳር ደርሶ አፉ ሲፈታ ደግሞ ዓይኗ ወዳየው ትፈተለካለች። ወደ ክሊኒካችን እየመጡ «እንዳወረድናት ጠፋች» የሚሉ ሰዎች ታሪካቸው ብዙ ጊዜ ከማዳበሪያ ይጀምራል። አይሱዙው ላይስ? ሸራ ሥር፣ በቁም ሳጥንና በፍራሽ መሃል፣ ማንም ሳያያት ውላ ማደሯ ነው። ዕቃው ቢንሸራተት ማን ያውቅላታል? ፖርቶመጋላ ላይ አስሮ መውሰድም ያው ነው።

ሳጥኑን ዛሬውኑ ቤት ውስጥ ያስገቡት። ሳጥን የሚወጣው ክሊኒክ በሚኬድበት ቀን ብቻ ከሆነ ሚጡ ገና ስታየው አልጋ ሥር ትገባለች። እርሷ የምትተኛበትን አሮጌ ጨርቅ፣ ወይም እርስዎ ለብሰው ያላጠቡትን ሹራብ ውስጡ ያንጥፉ። ክዳኑ ተከፍቶ ይቀመጥ። ማንም ገፍቶ አያስገባት። ምግቧን መጀመሪያ አጠገቡ፣ ቀጥሎ አፉ ላይ፣ ከዚያ ውስጡ ያስቀምጡላት። ውስጥ ገብታ እየበላች ለአፍታ ዝጉና ክፈቱ። ቆይቶ ሳጥኑን አንሥታችሁ ቤቱን አንድ ጊዜ ዙሩ። ከዚያ መኪና ውስጥ አስገቧትና ሞተሩ ሳይነሣ ጥቂት ቆዩ። ከዚያ ሰፈሩን ዞር ዞር አድርጋችሁ መልሷት። ለዚህ ሁለት ሳምንት ይበቃል፤ ሦስት ብታገኙ ደግሞ ግሩም ነው። ለሃጯ የሚንጠባጠበው መኪና ስለሚያጥወለውላትና ስለምትፈራ ነው። አጫጭር ልምምዶች ፍርሃቱን ይቀንሱላታል።

ስለ ምግብም አንድ ነገር ልበል። የጻፉልኝ በሁዳዴ ነው። ቤተሰቡ ሲጾም ድመቷም አብራ የምትጾምበት ቤት ብዙ ነው። ድመት ግን ያለ ሥጋ መኖር አትችልም። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ ሁኔታ አያመርትም፤ የምታገኘው ከሥጋና ከዓሣ ነው። ሲጎድልባት ዓይኗና ልቧ ይጎዳል። ጾሙ የእኛ ነው፤ ለእነሱ ትንሽ ሥጋ ወይም ዓሣ ለብቻ ይቀቀልላቸው። ሌላው አደጋ የፋሲካ ዕለት ነው። ሁለት ወር ሽሮ ፍትፍት ስትበላ የከረመች ድመት በአንድ ጊዜ ቅባት የበዛበት ትርፍራፊ ሲሰጣት ሆዷ ይላቀቃል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ደግሞ ተሰንጥሮ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ዶሮ ወጡ ሽንኩርት ስላለበትም አይሰጣት፤ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያበላሻል። ስለዚህ በበዓሉ ማግስት አትነሡ። ሆዳቸው ደህና መሆኑን እያያችሁ ሳምንት ቆዩ።

ከመነሣታችሁ ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ሁለቱንም የእንስሳት ሐኪም ጋ ይውሰዷቸው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካልወሰዱ ይከተቡ። በሽታው ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትንም ይይዛል፣ ከድመትም ወደ ሰው ይተላለፋል። ክትባቱ ኃይል እስኪያገኝ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሦስት ሳምንት ያልኩት ለዚህ ነው። የክትባት ካርዱን ከመኪናው ሰነዶች ጋር ያስቀምጡት። በጉዞው ላይ አንዷ በድንጋጤ ልጆቹን ብትነክስ ወይም ብትቧጭር ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡ። ከዚያ ጤና ጣቢያ አሳዩ። የተከተበች ናት ብላችሁ አትተዉት።

ዳማን በተመለከተ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፤ ከመምጣታችሁ በፊት ይኮላሽ። ያልተኮላሸ ወንድ አዲስ ሰፈር ሲገባ የሴት ጠረን ፍለጋ ይወጣል፣ ከሰፈሩ ወንዶች ጋር ይቧቀሳል፣ ርቆ ይሄድና መመለሻው ይጠፋዋል። ቁስሉ እንዲድንለት ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ይደረግ። በጉዞው ሳምንት ግን በፍጹም አይሆንም። ካልደረሰላችሁ እዚህ መጥቶ ይደረግለታል፤ እስከዚያ ከቤት አይውጣ።

አሁን ወደ ክኒኑ። ለሰው የታዘዘ የእንቅልፍ ክኒን ለድመት አይሰጥም። ዲያዜፓም በአፍ ሲሰጥ የአንዳንድ ድመቶችን ጉበት በቀናት ውስጥ ያቆማል። ፓራሲታሞል ከዚያም ይብሳል፤ አንዲት ፍሬ ብቻ ድመትን ትገድላለች። የድመት ጉበት መድኃኒቱን የሚያጣራበት መንገድ የለውም። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም መርዟ ናቸው። እነዚህን ሁሉ በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ስለማውቃቸው ነው ደጋግሜ የምናገረው። ደግሞም የደነዘዘች ድመት የሰውነት ሙቀቷን መቆጣጠር ያቅታታል፤ ብታስታውክ ትታነቃለች።

ሐኪም የሚያዘው ሌላ መድኃኒት አለ። ጋባፔንቲን የሚባለው ፍርሃትን ያለዝባል፤ ከመነሣት ሁለት ሦስት ሰዓት በፊት ይሰጣል። መጠኑ በክብደቷና በኩላሊቷ ጤና ይወሰናል፤ ስለዚህ ሳትመረመር ከመድኃኒት ቤት ገዝተው እንዳይሰጧት። ሐኪሙ ካዘዘላት የታዘዘውን ያህል ከጉዞው ቀናት ቀደም ብሎ ቤት ውስጥ ይሞከርላት። አንዳንዷ ትንሽ ትንገዳገዳለች፣ አንዳንዷ እንቅልፍ ይጥላታል። ይህንን በመንገድ ላይ ሳይሆን ቤታችሁ እያላችሁ ማወቅ ይሻላል። የማስታወክ መከላከያም ጠይቁላት። ለዳማ ምንም አያስፈልገው ይሆናል። ለሚጡ ግን እኔ ብሆን እጠይቅላት ነበር።

ዕቃ የሚጫንበት ቀን ከጉዞው ቀን ይበልጥ አደገኛ ነው። በሩ ተበርግዷል፤ ተሸካሚዎች ይወጣሉ ይገባሉ፤ ድመቶቹ ደንግጠዋል። ስለዚህ ከማለዳ ጀምሮ ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ ከነሳጥናቸው፣ ከነውኃቸውና ከነመጸዳጃቸው ይዝጉባቸው። በሩ ላይ «ድመት አለ፣ አይከፈት» ብለው ይጻፉ። ያ ክፍል መጨረሻ ላይ ይጫን። የሚተኙበትን ጨርቅ ማጠብ የሚያምራት ሰው አትጠፋም፤ ከልክሏት። ከመጸዳጃቸው ሰጋቱራ ወይም አሸዋ ትንሽ በፌስታል ቋጥረው ይያዙ፤ አዲሱ ቤት ላይ ከአዲሱ ጋር ይደባለቃል። እነዚህን አይሱዙው ላይ እንዳይጭኗቸው፤ ቪትዙ ውስጥ ይሁኑ።

የመጨረሻ ምግባቸው ከመነሣታችሁ አምስት ስድስት ሰዓት በፊት ይሁን፤ ቀለል ያለ። ውኃ ግን እስከመጨረሻው አይከለከሉ።

ቪትዝ ጠባብ ቢሆንም ይበቃችኋል። የሚጡ ሳጥን ከፊት ወንበር ኋላ ወለሉ ላይ ቢቀመጥ ጥሩ ነው፤ መኪናው ሲቆም አይወረወርም፣ ንቅናቄውም ይቀንስላታል። የዳማው በልጆቹ መሃል ይሁንና ቀበቶው በሳጥኑ ውስጥ አልፎ ይታሰር። ፊት ወንበር ላይ አታስቀምጡ። ሳጥኖቹ ላይ ነጠላ ጣል አድርጉባቸው። ነጠላ ለዚህ የተፈጠረ ይመስል አየር ያስገባል፣ ዓይን ይጋርዳል። ጋቢ ግን ያፍናቸዋል። ሥራቸው አሮጌ ፎጣ ይነጠፍ፤ ሁለት ሦስት መቀየሪያ ይያዙ። አብዝተው የሚጮኹት በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። ልጆቹ በለሆሳስ ያናግሯቸው፤ ክዳኑን ግን ማንም አይንካ። ትልቁን ልጅ የሽቦው ኃላፊ አድርጉት። ሥራ የተሰጠው ልጅ አያለቅስም።

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ሙሉ ቀን ይፈጃል። መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቃችሁ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ብትነሡ ጥሩ ነው። ምክንያቱ የአባይ በረሃ ነው። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ ድልድዩን ተሻግሮ ደጀን እስኪወጣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች አጭር መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዳችሁ መልሳችሁ ትወጣላችሁ። ከፋሲካ በኋላ ያለው ወቅት ደግሞ የሙቀቱ ጫፍ ነው። በጠዋት ከተነሣችሁ እስከ ጠዋቱ 3 እና 4 ሰዓት ባለው ጊዜ በረሃውን ታልፉታላችሁ። በእኩለ ቀን ከደረሳችሁበት ግን ሸክም የጫነው መኪና ሁሉ ከፊታችሁ እየተጎተተ እዚያው ሙቀት ውስጥ ትቆማላችሁ። ኤሲ ካለው ጎሃ ጽዮን ላይ አስነሡት፤ ሙቀቱ ከገባ በኋላ ማቀዝቀዝ ይከብዳል። ኤሲ ከሌለው መስኮቱን ገርበብ አድርጉ። ነጠላውን ፀሐይ በሌለበት በኩል ግለጡላቸው። ጠመዝማዛው ላይ በዝግታ ንዱ፤ ሚጡን የሚያጥወለውላት ኩርባው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ዓይኑን ከድመቶቹ አይንቀል። ውሻ አፉን ከፍቶ ቢያለከልክ ያለ ነገር ነው። ድመት ግን አፏን ከፍታ ካለከለከች ደወል ነው። የድመት ጤናማ ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው። ከ40 ካለፈ ቶሎ ድረሱላት። አፏን ከፍታ ከተነፈሰች መኪናውን ጥላ ሥር አቁሙ። በሮቹን ሳትከፍቱ መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርጉ፤ በካርቶን ክዳን አራግቡላት። በጥቂት ደቂቃ ካልተዋት ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክራችሁ መዳፎቿን፣ ሆዷንና ጆሮዋን አርጥቡ። በረዶ የሆነ ውኃ አይሁን። በግድ አታጠጧት፤ ሳንባዋ ይገባል። ድዷን እዩ። የጤነኛ ድመት ድድ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው። ደም የመሰለ ቀይ ወይም ወደ ሰማያዊ የሄደ ከሆነ፣ ወይም ተንገዳግዳ ከወደቀች፣ እያቀዘቀዛችኋት ከፊት ባለው ከተማ ሐኪም ፈልጉ። ወፍራም ስለሆነች ከዳማ ይልቅ ለሚጡ እሰጋለሁ።

ደጀንን ካለፋችሁ መንገዱ ይለዝባል። ደብረ ማርቆስ ላይ ምሳ ትበላላችሁ። ሁላችሁም አንድ ላይ አትግቡ። አንድ ሰው መኪናው ጋ ይቅር፤ ጥላ ሥርም ቢሆን የተዘጋ መኪና በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል። ውኃ በትንሽ ክዳን ሳጥኑ ውስጥ ይግባላቸው። ላይጠጡ ይችላሉ፤ አይጨነቁ። ላይሸኑም ይችላሉ፤ ድመት ለብዙ ሰዓት ትይዛለች። ከዚያ ወደ እንጅባራ ስትሄዱ ከፍታው ከ2,500 ሜትር ያልፋል፣ ብርድ አለ። መስኮት ዝጉና ነጠላውን መልሱላቸው።

አንድ ነገር ሳልጽፍ እንዳላልፍ፤ ፍተሻ። ኬላ ላይ ሰው ሁሉ ይወርዳል፣ አራቱም በር ይከፈታል። ድመት የምትጠፋው እዚህ ነው። ሳጥኖቹ በሽቦ እንደታሰሩ ይቆዩ። ፈታሹን ቀድማችሁ «ድመት ናቸው፣ ከተከፈተ ያመልጣሉ» በሉት። ነጠላውን ገልጣችሁ አሳዩት፤ በቀዳዳው ያያል። የግድ ይከፈት ካለ በሮችና መስኮቶች ተዘግተው፣ ባለቤትዎ ወይም እርስዎ ውስጥ ሆናችሁ ይከፈት። ለሁለቱም የስልክ ቁጥራችሁ የተጻፈበት አንገት ማሰሪያ ቀድማችሁ አልምዷቸው። ገመድ ብታስሩባቸው ደግሞ በደረት በኩል የሚያልፈው ዓይነት ይሁን፤ አንገት ላይ የታሰረ ገመድ ያንቃል።

መንገድ ላይ ማደር ወይስ በአንድ ቀን መጨረስ? ከቻላችሁ በአንድ ቀን ጨርሱ። ለድመት እያንዳንዱ የማታውቀው ክፍል ሌላ የቤት ለውጥ ነው። ግን ጨለማ ላይ ከመንዳት ማደሩ ይሻላል። ካደራችሁ የመኝታ ክፍሉን መስኮትና የአልጋውን ሥር መጀመሪያ ፈትሹ። በሩን ቆልፉ፣ ከዚያ ሳጥኑን ክፈቱ። መጸዳጃቸውንና ምግባቸውን አቅርቡ። ጠዋት ከማንኛውም ዕቃ በፊት እነሱ ወደ ሳጥናቸው ይግቡ።

ባሕር ዳር ከመድረሳችሁ በፊት ለአከራይዎ ይደውሉ። ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ ቤቱ ውስጥ የአይጥ መርዝ ተቀምጧል ወይ? ከጣሪያው ሥር፣ ከምድጃው ኋላ፣ ከዕቃ ቤቱ ጥግ ይጠረግ። ድመቷ መርዙን ባትቀምሰው እንኳ መርዝ የበላችውን አይጥ ትበላለች። ሁለተኛ፣ ለበረሮ ወይም ለትኋን ተረጭቷል ወይ? ከተረጨ ጠረኑ እስኪጠፋና ወለሉ እስኪወለወል ድመቶቹ አይግቡ። ለከብት መዥገር የሚረጨውን መድኃኒት ለቁንጫ ብለው ድመት ላይ የሚያፈስሱ አሉ። ይገድላታል። ለቁንጫ ለድመት የተሠራውን ብቻ ከሐኪም ይውሰዱ።

ስትገቡ መጀመሪያ አንድ ክፍል ይዘጋጅላቸው። ዕጣን የማይጨስበት፣ ቡና የማይፈላበት፣ ሰው የማይተላለፍበት ጥግ ይሁን። ሳጥናቸው ክዳኑ ተከፍቶ ይቀመጥ። ያልታጠበው ጨርቅ ይነጠፍ፤ ይዛችሁት የመጣችሁት ሰጋቱራ ከአዲሱ ጋር ይደባለቅ። ደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ይያዙና የሚጡን ጉንጭ ከአፏ ጥግ ወደ ጆሮዋ ቀስ ብለው ያሹት። ያንን ጨርቅ የክፍሉ በር መቃን፣ የአልጋው እግር፣ የግድግዳው ማዕዘን ላይ በድመት ቁመት ያስነኩት። ለዳማም በሌላ ጨርቅ እንዲሁ። ድመቷ ስታሸት የራሷን ምልክት ታገኛለች። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን ከአልጋ ሥር ቶሎ የሚያወጣቸው ይህ ነው። ይደበቁ፤ አትጎትቷቸው።

በመጀመሪያዋ ሌሊት ባትበላ አትደንግጡ። አንድ ቀን ሙሉ ካለፋት ግን ደውሉ። በተለይ ሚጡ። ወፍራም ድመት ሁለት ሦስት ቀን ካልበላች የሰውነቷ ስብ ወደ ጉበቷ ይጎርፍና ጉበቷ ሥራ ያቆማል። የሞቀ የዓሣ ወይም የሥጋ መረቅ፣ ጨውና በርበሬ የሌለው፣ ብዙ ጊዜ ያስጀምራታል።

ዳማ ላይ የምፈራው ሌላ ነው። ወንድ ድመት ሲጨነቅ ፊኛው ይቆጣል፣ የሽንት ቧንቧው ጠባብ ስለሆነ ይዘጋል። መጸዳጃው ላይ ደጋግሞ ይቀመጣል፣ ያምጣል፣ ምንም አይወጣም ወይም ጠብ ጠብ ይላል። ይጮኻል፣ ብልቱን ይልሳል። ሰው ድርቀት ይመስለውና ዘይት ያጠጣዋል። ድርቀት አይደለም። ሽንቱ ከተዘጋ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይሞታል። በዚያው ዕለት፣ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ፈልጉ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መጸዳጃቸውን እርስዎ ራስዎ ያጽዱ፤ በየቀኑ ስንት ቦታ እንደረጠበ ይዩ። ለየብቻ መጸዳጃ ካላቸው ማን እንደሸና ይታወቃል። ውኃ በሁለት ሦስት ቦታ ይቀመጥላቸው፤ የእኛ ከተማ ከአዲስ አበባ ይሞቃል።

ክፍላቸውን ሲለምዱ፣ ጅራታቸው ቀና ብሎ ሲንጎራደዱ፣ የቀረውን ቤት ክፍል በክፍል ክፈቱላቸው። ከቤት ግን ለአንድ ወር አይውጡ። ድመት ቶሎ ከወጣች የድሮ ቤቷን ፍለጋ ትሄዳለች። ቅርብ ቢሆን ደርሳ ትገኝ ነበር። አዲስ አበባ ግን አትደርስም፤ መሃል ላይ ትጠፋለች። ለወባ ትንኝ ተብሎ መስኮት ላይ የተወጠረውን ወንፊት አትመኑት፤ ቀጭኑን ፕላስቲክ ዳማ በአንድ ሌሊት ይበጣጥሰዋል። የሽቦ ወንፊት ይሁን፤ ዙሪያውን በምስማር ይመታ። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባል የለ? መውጣት የለመደ ድመት ቀዳዳ ፍለጋ አያርፍም።

ከወር በኋላ ሲወጡ ከምግብ ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በቀን፣ እርስዎ ባሉበት ይሁን። የራበው ድመት ሲጠራ ይመለሳል። ማታ ማታ ግን ይግቡ። ሽምብጥ ከሐይቁ ስለሚቀርብ ከውሻና ከባጃጁ ሌላ አርጃኖም አለ። ትልልቆቹን ድመቶች ብዙም አይደፍርም፤ ግልገል ድመት ግን ይበላል። እባብም በክረምት ውኃ ሲሞላ ወደ ግቢ ይጠጋል።

መቼም ጣና ዳር መጥታችሁ ዓሣ አትከለክሏቸውም፤ እኔም አልልም። ቀረሶ ቢሆን አምባዛ፣ ይቀቀልና አጥንቱ ተለቅሞ ይሰጣቸው። ጥሬውን ደጋግመው አይስጡ። አንዳንድ ጥሬ ዓሣ ውስጥ ቫይታሚን ቢ 1ን የሚያጠፋ ነገር አለ፤ ድመቷ ሚዛኗን እስክትስት ያደርሳታል። ሲቀቀል ይጠፋል። ጥሬ ዓሣ ጥገኛ ትላትልም ያመጣል። የነጭ ዓሣ አጥንት ቀጭንና ብዙ ስለሆነ ለእነሱ ባይገዛ እመርጣለሁ። ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣውን ሲያጸዱ የሚጥሉትን የሆድ ዕቃ ዳማ ገና ወደ ዳርቻው እንደወረደ ያገኘዋል። ስለዚህ የትል መድኃኒታቸውን በገቡ በወሩ፣ ከዚያ በየሦስት ወሩ ይስጧቸው። በገባችሁ በሁለተኛው ሳምንት ሁለቱንም ከነክትባት ካርዳቸው ለምርመራ ይዘዋቸው ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ የሚጡን ክብደትም ያኔ እንመዝናለን።